ፍሬን የከዳን የዓባይ ቁልቁለት

የፍሬኑ ፔዳል ወለል የነካ ዕለት አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አዲስ አበባ አንድ ዓይናቸውን የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ደብረ ማርቆስ እየተመለስን ነው። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ ግራው ተራውን የሚጠብቅ ስለሆነ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙም አይለይም። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ከጀመርን ጥቂት ቆይቶ ድንገት ቀና አሉ።

«የፍሬን ሸራ ይሸተኛል» አሉኝ።

«ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ይሆናል አባባ።»

«የእሱ አይደለም። የእሱማ በንፋስ ነው የሚመጣው። ይሄ ከእግሬ ሥር ነው።»

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ያንን ቁልቁለት ስንት ጊዜ እንደወረዱት እሳቸውም አያውቁትም። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት መታጠፊያው ደረሰ፤ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እግሬ ምንም ሳያግደው እስከ ታች ሄደ። ደግሜ ረገጥኩ። እንደ ረጠበ ጨርቅ ነው። ማርሹን ወደ ሁለት መለስኩት፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የኋላ ሣጥን ውስጥ ያሉት የመድኃኒት ካርቶኖች ወደ ፊት ተንሸራተው ወንበሩን መቱት። እጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ፍጥነታችን ቀነሰ እንጂ መቆምስ አልቆምንም። ከታች በኩል በተራራው ጥግ የመንገድ ሠራተኞች የተዉት የጠጠር ክምር አየሁ። መሪውን ወደዚያው ጠመዘዝኩና ገባሁበት።

አቧራው ሲበተን ሞተሩን አጠፋሁ።

«ቆመናል?» አሉ አባቴ።

«ቆመናል።»

አማተቡ። ከዚያ በሩን በዳበሳ ከፍተው ወረዱና የለበሱትን ጋቢ አስተካክለው መንገዱ ዳር ቆሙ። ጎማዎቹ አካባቢ እንደ ተቃጠለ ፀጉር የሚሸት ጭስ ይወጣል። ውኃ ላፈስበት ስል «ተዪው፣ የፍሬኑን ዲስክ ትሰነጥቂዋለሽ፤ በራሱ ይብረድ» አሉኝ። ቆይቶ ባዶ የጭነት መኪና ሲመጣ ድምፁን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉለት። ሹፌሩ ቆመላቸው።

«አባባ፣ ሲበርድ እኮ ፍሬኑ ይመለሳል» አልኳቸው።

«ይመለስ ይሆናል። እኔ ግን አልመለስባትም» ብለው በሹፌሩ እጅ ተደግፈው ወጡ።

እኔ መኪናዋ እስክትበርድ ቆይቼ፣ ፔዳሉ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ድልድዩን ተሻገርኩ። ዳገቱ ላይ ሞተሯ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እየጓጓች ወደ ደጀን ወጣች። ያ ነገሯ አናደደኝ። መሄድ ላይ እንዲህ የበረታች መኪና መቆም እንዴት ያቅታታል?

መኪናዋ የታናሽ ወንድሜ ነበረች። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ የጀርመን አውቶሞቢል ገዝቶ፣ የፋብሪካ ሞተሯን አስወጥቶ፣ ቱርቦ ያለው ትልቅ ሞተር አስገጠመላት። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ሚስቱ «ልጄ እዚህች ውስጥ አትገባም» ብላ አቋም ያዘች፤ እኔም ለመድኃኒት ቤቴ ዕቃ ለማምጣት እመላለስ ስለነበር ወሰድኳት። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ደንበኛ ከሌለ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እመላለሳለሁ፤ የተስተካከለውን ብልቃጥ መልሼ አስተካክላለሁ። እዚያች መኪና ውስጥ ግን፣ ተቀምጬም እየሄድኩ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ነፍሴ ትረጋ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም ቀረ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የመካኒኬ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። የፊት ጎማዎቹን ፈትቶ ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰ። ብረቱ ወደ ሰማያዊ አድልቷል፤ ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ቀጫጭን ስንጥቆች ወጥተዋል።

«የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው ፔዳሉ የከዳሽ» አለኝ። «ይሄ ፍሬን ለድሮው ሞተር የተሠራ ነው። ወንድምሽ ጉልበቱን ቀየረ፤ ማቆሚያውን እንዳለ ተወው። እኔን ከሰማሽኝ አዲስ ሸራና ተመሳሳይ ዲስክ እንግጠምና ቀስ ብለሽ ንጂ።»

«ቀስ ብዬማ ነበር የወረድኩት።»

«አንቺ?»

«እሺ፣ ለእኔ ቀስ ብዬ ነበር።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከእሱ ጋር ብዙ ተከራከርን። እኔ የፈለግሁት ትልቅ ፍሬን ነው፤ ሰፊ፣ ወፍራም፣ በመሃሉ አየር የሚያስገባ ዲስክ። እሱ ደግሞ ከሌላ መኪና የመጣ ዕቃ መገጣጠም አይወድም፤ «አንዱን ስትነኪ ሌላው ይመጣል» ይላል። በመጨረሻ የዚያው አምራች ከባድ ሞዴል ላይ ያለው የፊት ፍሬን፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ካሊፐር ጋር፣ ከተገኘ እንደሚሞክር ተስማማ። ለወንድሜ ደውዬ ብነግረው «አባባ ደህና ናቸው?» ብቻ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ አሮጌ መኪና ከሚበልቱበት ቦታ ፈልጎ አገኘው።

ዕቃው እንደተገኘ መንገዱ ተዘጋ። በእኛ አገር በዚህ ዘመን መንገድ ሲዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አውቶቡስ አይወጣም፣ አይገባም። ስልኩም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ያለ ፊት ጎማ ተንጠልጥላ ቀረች። መድኃኒት ቤቴ ውስጥ የሚያልቀው እያለቀ፣ የሌለውን የሚጠይቀኝ ሰው እየበዛ ሄደ። ለአንዱ የስኳር በሽተኛ «የለም» ስል የሚቀጥለው ሳልናገር ፊቴን አይቶ ይመለስ ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቼ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ፤ ባጃጅ ሲጠራኝ እምቢ ብዬ በእግሬ እመለሳለሁ፤ መንገዴ ባይሆንም በጋራዡ በኩል አልፋለሁ።

«ዛሬስ?» እለዋለሁ መካኒኩን።

«እህቴ፣ ከትናንት ወዲህ ምን ይለወጣል? ምጥ ላይ ያለች ሴት ያለችሽ ነው የምትመስይው። ሂጂና አረፍ በይ።»

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይዘው ተቀምጠዋል። ፋሻው ከወረደ በኋላ ቀኝ ዓይናቸው ፊደል መለየት ጀምሯል፤ ደስታቸው ግን እኔን አይመለከትም። ስለ መኪናዋ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ሳላወራ መቆየት አልችልምና ስለ ዲስኩ ስፋት፣ ስለ ካሊፐሩ እነግራቸዋለሁ። ሬዲዮናቸውን ትንሽ ከፍ ያደርጉታል።

መንገዱ ሲከፈት ዕቃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ዲስኩን ሳቅፈው ክብደቱ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የካሊፐሩ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ከእኛ መኪና ጋር አይገጥሙም። መካኒኩ መሃል የሚገባ ብረት ቶርኖ ቤት አሠራ፤ አምጥቶ በሞረድ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ብረቱ ለስላሳ ሆነበትና ወረወረው። «በዚህ ላይ አባትሽን አልጭንም» አለ። ጠንካራ ብረት ተፈልጎ እንደገና ተሠራ። ያ ሲገጥም ደግሞ የጎማው ቸርኬ ካሊፐሩን ነካ፤ ሰፋ ያለ ቸርኬ ከነጎማው ያስፈልጋል ተባለ። አንዱን ስትነኪ ሌላው ይመጣል ያለው ደረሰ፤ ደግነቱ መልሶ አልነገረኝም።

ከፍሬኑ ቱቦ አየር የምናወጣ ቀን እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፤ እሱ ጎማው ሥር ተኛ።

«ርገጪ!»

ረገጥኩ።

«ያዢ… ያዢ… እንዳትለቂ! በቃ፣ ልቀቂ።»

እግሬ እስኪዝል ይህንን ደጋገምን። በቀጭኗ ቱቦ ከአረፋ ጋር የሚወጣው ዘይት ቀስ በቀስ ጠራ። በመጨረሻ ፔዳሉን ስረግጥ ግን አሁንም ወደ ታች ይሰምጣል። መኪናዋን ላስነሳ ቁልፉን ስፈልግ የለም፤ ለካ ኪሱ ውስጥ ከቶታል።

«እስከ አደባባዩ ብቻ» አልኩት።

«አይሆንም። አዲሱ ካሊፐር ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይቱን የሚገፋው የድሮው ማስተር አይበቃውም። ማስተሩም ይቀየራል።»

«ልታሳብደኝ ነው!»

«እበጂ እንጂ አትሞቺም» አለና ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ያን ቀን ተናድጄ ሳልሰናበተው ወጣሁ።

ማስተሩ ተቀይሮ ፔዳሉ ከላይ ገና ሲነካ ጠንከር አለ። መካኒኩን አጠገቤ አስቀምጬ በሉማሜ መንገድ ወጣን። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት፤ ፍጥነት እየጨመሩ፣ ሳያቆሙ ጠንከር አድርጎ እየያዙ፣ እንደገና መጨመር ነው። የጤፉ ማሳ በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኖ ይሮጣል። ረገጥኩ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ። እንደገና። እንደገና። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች መንገዱን ሲሞሉ ገና ከሩቅ ዝም ብዬ ቆምኩና ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የአህዮቹ ባለቤት ሴትዮ በመስኮት አይታኝ ራሷን ነቀነቀች።

የአባቴ የግራ ዓይን ቀጠሮ ሲደርስ «በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አሉ። አልለመንኳቸውም። መካኒኩ ግን ሳልጠይቀው አንድ ማለዳ ቤታችን መጣና «አባቴ፣ ይምጡና የሠራሁትን ይዩልኝ» አላቸው። ወጥተው በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ በቀኝ ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ከእኔ የጭነት መኪና ፍሬን አይተናነስም እኮ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «እስከ ደጀን እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ አያለሁ።»

ደጀን ስንደርስ አልወረዱም። በእሳቸው በኩል ያለውን የጎን መስታወት ወደ ራሳቸው እንዳዞርላቸው ብቻ ጠየቁኝ። አዞርኩላቸውና መውረድ ጀመርን። ማርሹን ዝቅ አድርጌ በሞተሩ እየያዝኩ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካሁ ነው የምወርደው። እግሬ ግን ምንም በሌለበት ፔዳሉን ይፈትሻል። አባቴ መስታወቱን ብቻ ያያሉ።

የቆላው ሙቀት መሰማት ሲጀምር፣ በአንድ መታጠፊያ ስንዞር አስፋልቱ ሰምጦ አንድ ሚኒባስ እዚያው ውስጥ ተይዞ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ይገፋሉ። ረገጥኩ። መኪናዋ መሬቱን ነክሳ ከሚኒባሱ ርቃ ቀጥ አለች። ትንፋሼን ለቅቄ ወደ አባቴ ልዞር ስል ጮኹብኝ።

«ወደ ዳር! ወደ ዳር ውጪ! ከኋላሽ ያለው እንዳንቺ አይቆምም!»

አላሰብኩም። ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ረገጥኩ፤ መኪናዋ ዘልላ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ገባች። ያን ጊዜ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ፣ ከጎማው ጭስ እየወጣ፣ እኛ ቆመንበት በነበረው ቦታ አለፈ። ሰዎቹ ሚኒባሱን ጥለው ተበታተኑ። የጭነት መኪናው እየተንገጫገጨ፣ ሚኒባሱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። ሹፌሩ ወርዶ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ፤ ወጣት ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። አባቴ ወርደው ውኃ አጠጡት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ እጃቸውን ግን ትከሻው ላይ ለረጅም ጊዜ አላነሡም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

ሲመለሱ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

«ፍሬንሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። «እንዲያውም ከሚገባው በላይ ጥሩ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊትሽን ብቻ አትዪ።»

«እርስዎ ባያዩልኝ ኖሮ—»

«እንሂድ፣ ይረፍድብናል።»

ሚኒባሱ ሲወጣ ቀሪውን ቁልቁለት ወረድን፤ ድልድዩን ተሻግረን ጎሃ ጽዮን ወጣን። አባቴ ከዚያ በኋላ አንቀላፉ። በመኪናዋ ውስጥ ሲያንቀላፉ ያየኋቸው የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከመንገዱ ይልቅ እሳቸውን ላለመቀስቀስ ስጠነቀቅ፣ በሕይወቴ ከሁሉ ይበልጥ ቀስ ብዬ የነዳሁበት ቀን ሆነ።

በማግስቱ ዓይን ክሊኒክ ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለካችና ቅንድቧን አነሣች።

«አባባ፣ ከፍ ብሏል። የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ እንዴ?»

«በዓባይ በረሃ ነው የመጣሁት» አሏት።

«እሱማ ሁሉም በዚያ ነው የሚመጣው።»

«ሁሉም ከዚህች ልጅ ጋር አይመጣም» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ነርሷ ሳቀች፤ ትንሽ አርፈው እንደገና እንደምትለካቸው ነግራን ወጣች። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ተደገፉ። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኝ በኮሪደሩ ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለስ ነበር፤ ሁለተኛውን ልኬት እስኪነግሩን ድረስ።