የማያለቅስ ልጅ

ታናሽ እህቴ የታረሰችው ሚኤሶ፣ በአማቷ ቤት ነው። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዶ ነበር። እኔ ከጭሮ ልጠይቃት ስወርድ ሕፃኑ ገና ሳምንት አልሞላውም።

በሥራዬ የተነሳ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው የጎደለው ነገር ላይ ነው። ግቢው ውስጥ የልብስ ገመድ ተዘርግቷል። አንድም የሕፃን ጨርቅ አልተሰጣበትም። አራስ ያለበት ቤት ማስጫ ያጥረዋል፤ ያ ገመድ ግን በዚያ ፀሐይ ባዶውን ተወጥሮ ነበር።

«ጋዜጠኛዋ መጣች!» አሉ የእህቴ አማት በሩ ላይ እየሳሙኝ። «እንግዲህ ልጃችንን በዜና ልታወሪልን ነው። ብቻ ማሻአላህ ሳትይ እንዳታይው።»

«ማሻአላህ» አልኩና ገባሁ።

ሕፃኑ እናቱ አጠገብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ስለ ጠባዩ ያወራሉ። «የኔዎቹ ሰፈሩን ሁሉ ነበር የሚቀሰቅሱት፤ ይሄ ግን እንደ ሽማግሌ ጭምት ነው» አለች አንዷ። «ቃዲ ሊሆን ነዋ፣ ሳይጠየቅ አይናገርም!» አለች ሌላዋ። ሁሉም ሳቁ። አማትየው በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። እህቴ አልሳቀችም። ጡቷ አብጦ ቀሚሷን ወጥሮታል፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

«ይጠባል?» አልኳት ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ።

«ይተኛል» አለችኝ።

የሆነውን ቀስ በቀስ ጠይቄ ሰማሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ወፍራሙ ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ጡት ውስጥ ከርሞ የተበላሸ ነው ተብሎ ይደፋል። አማትየውም ልማዱን ጠብቀው አለቡት፤ ሰው እንዳይረግጠው ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ደፉት። ልጁን ስኳር ውሃ በማንኪያ አጠጡት። ነጩ ወተት ሲመጣ ጡቱ ስለደደረ ልጁ ሊይዘው አልቻለም። ጥቂት ታገለና ተኛ። ከዚያ ወዲህ እንደተኛ ነው። አሮጊቷ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እሱን ሲጠብቁ እንቅልፍ አጥተው ነበር።

እዚያው ሚኤሶ አራስ ቤቶችን እየዞረች እናቶችን በጡት ማጥባት የምትረዳ አንዲት አዋላጅ ነርስ በሥራ አውቅ ነበር። ወደ ግቢው ወጥቼ ደወልኩላት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሸንቷል?»

ገመዱን አየሁት። «አይመስለኝም።»

ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ።

ስትገባ ሰላምታ አላጓደለችም። ጫማዋን አወለቀች፤ አማትየውን «እማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለች፤ እህቴን «በልተሻል? ውሃስ ጠጥተሻል?» ብላ ጠየቀች። ይህን ሁሉ ስትል እጇ የሕፃኑን ጥቅል እየፈታ ነበር። የእግሩን መዳፍ ፈተገችው። ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። ከንፈሩ ደርቋል፣ አናቱ ላይ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ገብታለች። የሴቶቹ ወሬ ተቋረጠ።

«ተኝቶ እኮ ነው፣ ለምን ትረብሺዋለሽ?» አሉ አማትየው።

«እማ፣ ደክሞት ነው። ለማልቀስም አቅም ይፈልጋል።»

«ዝምተኛ ስለሆነ ነው እንጂ! ሁለተኛው ልጄም እንዲሁ ነበር። እንዲያውም የሱን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ...»

አልጨረሱትም። እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ባሏ የበኩር ልጅ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ስለተወለደ ወንድም ማንም ነግሯት አያውቅም።

እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር። ነርሷ አልጠየቀችም። የአሮጊቷን እጅ ያዘችና «ያኔ የሚረዳዎት ሰው አልነበረም፣ እማ። አሁን እኔ አለሁ። ማንኪያውን እርስዎ ይያዙልኝ» አለቻቸው።

በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጡቱ ላይ አደረገችና በጣቶቿ ቀስ እያለች ማለብ ጀመረች። እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። «ጀባዱ፣ እህቴ» አለቻት በኦሮምኛ፤ በርቺ ማለቷ ነው። ወተቱ ጠብ ጠብ ሲል አማትየው ማንኪያውን ደቀኑ። መጀመሪያ የሰጡት በአገጩ ወረደ። የሚቀጥለውም ወረደ። ከዚያ ጥቂት ገባ።

«ይሄ ብቻውን አይበቃውም» አለች ነርሷ። «አሁኑኑ ጭሮ ሆስፒታል መውጣት አለበት።»

«አርባዋ ሳይወጣ? በዚህ ፀሐይ?» አለች አንዷ ጎረቤት። አራስ ከአርባ ቀን በፊት ከደጅ አትወጣም። ሁሉም ወደ አማትየው ዞሩ፤ በዚያ ቤት ፈቃጇ እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ ልጁን ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ ሻሻቸውን አጠበቁ።

«መኪና ፈልጉ» አሉ።

ጫት ሊጭን ወደ ጭሮ የሚወጣ ባለ ሁለት ረድፍ ፒካፕ አገኘን። ነርሷ ልጁን ከእህቴ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አስጠግታ በሻርፕ ሸፈነቻቸው። እኔ ከፊት ተቀምጬ ከኋላ ያሉትን፣ እህቴን፣ አማቷንና ነርሷን፣ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ነርሷ አሁንም አሁንም ጣቷን የልጁ አፍንጫ ሥር ታደርጋለች። ሾፌሩ አንዴ ዞር ብሎ አየና የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። አቀበቱ ላይ የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ቁልቁል ያልፉናል። ያ ሁሉ ጩኸት ልጁን አልቀሰቀሰውም።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀብለውን ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። ሐኪሙ ሲወጣ «ነገ እናያለን» ብቻ አለን። ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ተከታይ ጥያቄ ሳላነሳ ያለፍኩት ግን ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ዓይኑን ገለጠ። ነርሷ ከሚኤሶ ተመልሳ መጥታ እህቴን በትራስ ደገፈቻት። «አትቸኩይ፣ አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂ። ከዚያ እሱን ወደ ጡትሽ አምጪው።» ልጁ ያዘ። እህቴ ልትስቅ ስትል ነርሷ እጇን አነሳች። መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ሲውጥ መሰማት አለበት አለች።

ክፍሉ በጠያቂ ሞልቷል፤ ምንም አይሰማም።

«እስቲ ዝም በሉ!» አሉ አማትየው። የማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ፀጥ አሉ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ልጁ ጉሮሮ አስጠጉ። እንደዚያው ቆዩ። እህቴ ፊታቸውን ማየት ስላልቻለች እኔን ታየኛለች።

አሮጊቷ ቀና ሳይሉ «ዋጠ» ብለው አንድ ጣታቸውን አነሱ። ጥቂት ቆይተው እንደገና አነሱ።