አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ

መሳቢያዬ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሃያ ገጽ ያለው ሰማያዊ ዳይስ አለ። ባየሁት ቁጥር የአክስቴ ልጅ ናሆም ትዝ ይለኛል፤ ደሜም ይፈላል። ልጅ እያለሁ አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ መጥቶ ጭሮ እኛ ቤት ከረመ። ከመጣበት ቀን ጀምሮ እንደተጸየፈን ነበር። ጭቃው ያስጠላዋል፣ መንገድ ላይ የተጣለው የጫት ገራባ ይሸተዋል፣ "እዚህ አገር ምን ተሠርቶ ይዋላል?" ይላል። ጫማውን የምጠርግለት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

የሚሠራውን ራሱ ይዞት መጥቷል። በረንዳ ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን፣ ደብተር ላይ ዋሻ ሥለን የምንጫወተው ጨዋታ ነው። ናሆም ተራኪም ዳኛም ነው፤ የዋሻውን አውሬዎች የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። እኔና ጎረቤታችን ሙኒራ ጀግኖች ነን። ሰይፍ የለንም፤ በገመድ፣ በማጭድና በዘይት ተራ በተራ ወጥመድ ሠርተን ማለፍ አለብን። ወጥመዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ታጥፎ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። አውሬው ሲደርስ ናሆም አውጥቶ ያነባል፤ ካጠራጠረው ዳይስ ይወረውራል። ወጥመዱ ካልያዘ የሠራው ሰው ይሞታል። እስከ መጨረሻው ለተረፈው ዳይሱን ትቼ እሄዳለሁ ብሎ ማለልን። ጭሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳይስ ያለው ልጅ አልነበረም።

ሙኒራ የምትማረው በአፋን ኦሮሞ ስለነበር አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብና መጻፉ ገና ነበር። ስለዚህ በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ። መጀመሪያ ናሆም አነጋገሯን እየቀዳ ያሾፍባት ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። የሙኒራ አጎት በደሳ ከተማ አካባቢ የማሽላ እርሻ ነበራቸው፤ ከርከሮ እንዴት እንደሚያዝ እያየች ነው ያደገችው። ጉድጓዷን በአገዳ ትሸፍናለች፣ የሰው ጠረን እንዳይሸት ገመዷን ጭቃ ትቀባለች። የእኔ ወጥመድ በዳይስ ዕድል ሲተርፍ የእሷ ያለ ዳይስ ይይዛል። አንድ ቀን ናሆም "ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት" አለ። እኔን አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጫማውን የምጠርገውን! ቀናሁ። ቅናት ብቻ አልነበረም፣ ጠላኋት።

በመጨረሻው ቀን ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ በረንዳው እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። አውሬው ግዙፍ ከርከሮ ነበር፤ ተራው ደግሞ የሙኒራ። አፏን ጆሮዬ ላይ አስጠግታ፣ "ፉኞውን ሸምቀቆ አርገሽ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አርጊው። ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው" አለችኝ። ፉኞ ያለችው ገመዱን ነው። እኔ ግን "ሸምቀቆው በሰው ቁመት ይንጠልጠል" ብዬ ጻፍኩ። አጥፌ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት።

ናሆም ሲያነበው ሙኒራ ብድግ አለች። "ወላሂ እንዲህ አላልኩም! አንድ ስንዝር ነው ያልኩት!"

"የሚሠራው የተጻፈው ነው" አለና ከርከሮውን በገመዱ ሥር አሳለፈው። ሙኒራ ወደ እኔ ዞረች።

"ያልሽኝን ነው የጻፍኩት" አልኳት።

ወረቀቱን ከሳጥኑ ላይ አንስታ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ዳይሱ ለእኔ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በረንዳችንን አልረገጠችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ሰላም ነሽ?" ትለኛለች፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

አሁን በረንዳው ፈርሶ ሱቅ ተሠርቶበታል፤ ልጆቼም እያንዳንዳቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ነው የሚጫወቱት። ለማንም መጻፍ፣ ለማንም መዋሸት አያስፈልጋቸውም። ስንት ዓመት ሙሉ ናሆምን ስረግም የኖርኩት ወደ ራሴ ላለመዞር ነበር። ባለፈው ወር ጨከንኩና ሚኒባስ ተሳፍሬ ገለምሶ ሄድኩ፤ ሙኒራ እዚያ የልብስ ሱቅ አላት። ዳይሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ፣ እየተንተባተብኩ "ያኔ የጻፍኩት..." ከማለቴ አቋረጠችኝ።

"ዐውቃለሁ። ወረቀቱን የዚያኑ ቀን ወንድሜ አነበበልኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር" አለች። የምታጥፈውን ሻሽ አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ዳይሱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ መለሰችው።

"ውሰጂው፣ እህቴ። አሸንፈሽ ያገኘሽው ነው።"