ከታች ባለው ሥዕል እንደሚታየው

መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ዲማ አካባቢ ዜማ ስማር ሳለሁ የኔታ፣ መምህሬ፣ ይህን ልጅ እግሩን ካላሰሩት አንድ ቦታ አይገኝም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቃል የሚያዝልኝ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደድኩ ስለው ነው። ጠዋት አስኳላ፣ ከሰዓት የኔታ ዘንድ እያልኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና ማርቆስ መጥቼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አመሌም አብሮኝ ገባ።

የኔታ መሄዴን አልወደዱትም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉኝ። ከዚያ ግን መርቀው ሸኙኝ። ተባርሬ ብመለስ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ይህች ሐሳብ ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም።

አንደኛ ዓመት ላይ የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያ የሚባል ኮርስ ነበረን። መንግሥት ምንድን ነው፣ ሉዓላዊነት ምንድን ነው፣ ኃይልና ቅቡልነት በምን ይለያያሉ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። መምህሩ ወጣት ነው፤ ክፍሉ ሲያንቀላፋበት የድሮ ዩኒቨርሲቲዎችን ወሬ ጣል ያደርግልናል። አንድ ቀን፣ ጥንት በአንዲት የጣሊያን ከተማ መምህር የሚቀጥሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፣ አርፍዶ የመጣ መምህርም ለተማሪዎቹ መቀጫ ይከፍል ነበር አለን። ተማሪ መምህሩን ሲቀጣ! የኔታ ቢሰሙ ያማትቡ ነበር።

ፈተና ሲደርስ መምህሩ አባዝቶ ያደለንን ሃንድአውት ይዤ ከዶርም ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ገባሁ። ነገሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ አይገባኝም። እኔ ግን በዚህ ምን ተጨነቅሁ? ዳዊትንም የደገምኩት ግእዙ ሳይገባኝ ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ቃሉ ይያዛል፣ ትርጓሜው በጊዜው ይመጣል። አንዲት ቃል ከገደፍክ የኔታ ከሥር ያስጀምሩሃል። ስለዚህ እየተንጎራደድኩ ምንም ሳልገድፍ ያዝኩት። የፈተናው ጥያቄ ኃይልና ቅቡልነት ላይ ሲሆንልኝ እንዳለ ዘረገፍኩትና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

የሁሉም ወረቀት ታርሞ ሲመለስ የእኔ ቀረ። መምህሩ ነገ ስምንት ሰዓት ቢሮ ና አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። የዶርም ጓደኛዬ ኩረጃ ከሆነ ነገሩ በኤፍ አያበቃም፣ ያስባርራል አለኝ። በማግስቱ ምሳ አልበላሁም። ከካፌው እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ካፌው ስመላለስ ጥበቃው የጠፋብህ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

ቢሮው ውስጥ ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ ተሰምሯል። መምህሩ በአማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። «ከታች ባለው ሥዕል እንደሚታየው» አለና ቀና አለ። «ሥዕሉ የታለ?»

ሥዕሉ ሃንድአውቱ ላይ ነው ያለው። እኔ ቃሉን ጽፌ ሥዕሉን ትቼዋለሁ፤ ሥዕል በቃል አይያዝ! መምህሩ ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸመድድ ሰው የለም፣ ወረቀቱ ጭንህ ላይ ነበር ማለት ነው አለኝ። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚያስተላልፈውም ነገረኝ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ብደነግጥ ደግ ነበር፣ እኔ ግን ተናደድኩ። ሌባ ተብዬ ነው ዲማ የምመለሰው?

ተቀመጥ ያለኝን ወንበር ትቼ ሃንድአውቱን ከመጀመሪያው ገጽ በቃሌ ጀመርኩት። ቢሮው ጠባብ ነው፣ ሦስት እርምጃ ሄጄ እዞራለሁ። ርእሱን አልኩ፣ የገጹን ቁጥር አልኩ፣ ሌላውንም እንዳለ አወረድኩት። እሱ የራሱን ቅጂ አውጥቶ በጣቱ ይከተለኝ ጀመር። አምስተኛው ገጽ ላይ በቃ ብሎ እጁን አነሳ።

ተገላገልኩ ስል፣ «አልኮረጅክም» አለኝ፤ «ግን ይኼ ያንተ አይደለም። ኃይልና ቅቡልነት በምን ይለያሉ? በአማርኛ፣ ከራስህ ንገረኝ።»

እግሬ ቀጥ አለ። መምህር ያልነገረህን ከራስህ አትተርጉም ተብዬ ነው ያደግሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቴን አየሁት፣ ቀዩን መስመር አየሁት፣ ንዴቱ እንደገና መጣብኝ።

«እርስዎ ዛሬ ሊያስባርሩኝ ይችላሉ፤ ያ ኃይል ነው» አልኩ። «መባረሩ ይገባኛል ብዬ አምኜ ከወጣሁ ደግሞ ቅቡልነት ነው።»

«ታምናለህ?»

«አላምንም።»

እሱ ወረቀቴን ገለበጠና ባዶውን ገጽ ወደ እኔ ገፋው፣ እስክሪብቶውንም ከላዩ አኖረ።

«በዚያች የጣሊያን ከተማ ቢሆን» አለ፣ «ዛሬ መቀጫ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ተቀመጥና አሁን ያልከውን ጻፈው።»

ተቀመጥኩ። ሁለት መስመር ነው የጻፍኩት፤ ከዚያ በፊት ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት ሁለት መስመር ግን አልነበረኝም።