ያልከፈትኩት ጥይት

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ደብረ ብርሃን ጋራዥ አስገብቼ ስጠብቅ፣ መካኒኩ የተበተኑበትን ብሎኖች በማግኔት ከመሬት ይለቅም ነበር። "ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ተለዋወጠ?" አለኝ። ብርዱ ነው አልኩት። ውሸት ዛሬም ይቀናኛል ማለት ነው።

በሃያ ሁለት ዓመቴ የአደን ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጫጫ አጠገብ ካለው ረግረግ ዳክዬ ለማደን እንግዶች ፈቃድ ይዘው ይመጣሉ። ከእርሳስ ማዕድን በተሠራ ደቃቅ የጥይት ፍሬ መተኮስ ክልክል ነበር፤ ጭቃው ላይ የቀረውን ወፎች ከጠጠር ጋር ውጠው ይመረዛሉ። የተፈቀደው የብረት ፍሬ ብቻ ነው። አለቃዬ ጋሽ ተሰማ፣ "ከየካርቶኑ አንድ ጥይት ቀደህ ፍሬውን በማግኔት ሞክር። ብረት ይያዛል፣ እርሳስ አይያዝም። ከውጭ እንዳትሞክር፤ ቀልሃው ራሱ ከሥሩ ብረት አለበት" ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ኅዳር ነበር። ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ሣሩን ውርጭ አንጥቶታል። ፈቃድ ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ አዳኝ ገና ሳልናገር ትኩስ ሻይ በዳቦ አቀረበልኝ። ጣቶቼ እስኪፍታቱ ጠጣሁ፤ ዳቦውንም ጨረስኩት። ታዲያ ዳቦውን በልቼ ሳበቃ ጥይቱን በቢላ መቅደድ ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ማግኔቱን ቀልሃው ላይ አስጠጋሁ፤ ተጣበቀ። ፈርሜ አሳለፍኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ረግረጉ ዳር የሚኖሩት እትዬ በላይነሽ አስጠሩኝ። የሚተዳደሩት እንቁላል ሸጠው ነው፤ ዶሮዎቻቸው ረግረጉ ዳር ሲጭሩ ይውላሉ።

"ሰባቱ ዶሮዎቼ አንገታቸው እየዞረ አለቁብኝ። ምን መጣብኝ ልጄ?"

ከሞቱት አንዷን ጓሮ ወስጄ ሆዷን ከፈትኩ። ከጠጠሩ መሃል ግራጫ ፍሬዎች አገኘሁ። ማግኔቱን አስጠጋሁ፤ አንዱም አልተነሳም።

እውነቱን ብናገር ከሥራ መባረሬ ነው። "ፈንግል ነው" አልኳቸው።

"የቀሩትስ?"

እዚህ ላይ እንኳ ዝም ማለት እችል ነበር። ውሸቴ እንዳይነቃብኝ ግን፣ "ለጎረቤት እንዳይዛመት ታርደው ይቀበሩ" አልኩ።

በአገራችን ልማድ ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። ስለዚህ ጤነኞቹን ዘጠኝ ዶሮዎች እሳቸው አንድ በአንድ እያቀፉ አመጡልኝ፣ እኔ በስመ አብ እያልኩ አረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

እትዬ በላይነሽ ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል፤ ጫጫ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዳግመኛ ዶሮ አላረቡም። ባለፍኩ ቁጥር ልንገራቸው ብዬ እገባለሁ፣ ሳልነግራቸው እወጣለሁ። እሳቸውም ለመጣው ሰው ሁሉ፣ "የሰፈሩን ዶሮ ከፈንግል ያተረፈልን ልጅ ይሄ ነው" ብለው ያስተዋውቁኛል። ከዚያ ይመርቁኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።