ከስክሪኑ የወጣው እጅ

አሞራው ነው የሚሉት። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የሠራተኛ መዝገብ የምትይዘው ጸሐፊ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ስድስት ዓመት ክሬን ላይ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ምሳ ዕቃውን ትከሻው ላይ አንግቶ የብረቱን መሰላል ሽቅብ ይያያዘዋል፤ አንዴ ካቢኑ ውስጥ ከገባ እስከ ሥራ መውጫ አይወርድም። ሽንት ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቁት አዳዲስ ሠራተኞች አይጠፉም። "ደመና ሳይኖር ጠብ ጠብ ካለባችሁ ቀና ብላችሁ አትዩ" ብሎ ይመልስላቸዋል።

ቀኑን ሙሉ ብቻውን ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ወሬ ይጠማዋል። ድምፁም ሁልጊዜ እንደጮኸ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ እዚሁ አጠገብህ ነኝ እኮ፤ በሬዲዮ አይደለም የምታናግረኝ" ትለዋለች ሚስቱ።

ታዲያ ይህ ወሬ የሚወድ ሰው አምስት ወር ሙሉ ለማንም ያልተነፈሰው ነገር ነበረው። አንድ ቀን ካቢኑ ውስጥ እንዳለ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገባበትና በመዳፉ ከድኖ ሲያሸው ከተማው ድርግም አለ። ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ከሥር የሚርመሰመሰው ሰው፣ ሁሉም እንፋሎት በያዘው መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጥላ ሆነ። እጁን አነሳ፤ ከተማው ተመለሰ። ደግሞ ከደነ፤ ጠፋ። "ድካም ነው" አለ ለራሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ቀኙን ከድኖ ግራውን ይሞክራል፤ ግራው ከሳምንት ሳምንት እየባሰበት ሄደ። የዓመቱ የጤና ምርመራ ገና አራት ወር ይቀረዋል። አንድ ዓይና ሰው ክሬን ላይ እንደማይወጣ ደግሞ እሱ ራሱ ለስንቱ ጀማሪ አስተምሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሱም ሰምቷል። መድኃኒቱ ከክሬኑ መውረድ ከሆነስ? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ከሥር የሚያሠራው ምልክት ሰጪ "ትራፊክ" ይባላል። ለምን እንደተባለ ሲሠራ ያየው ሰው አይጠይቅም። ቀጭን፣ ክንዱ ረጅም፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሳቂታ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። መዳፉን ዝቅ ዝቅ ሲያደርግ ጭነቱ ይወርዳል፤ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሲያሽከረክር ይነሳል፤ ጡጫውን ጨብጦ ሲያነሳ ደግሞ ዓለም ቀጥ ማለት አለባት። ሬዲዮም አላቸው፤ ግን ጫጫታው ስለሚበልጥ መግባቢያቸው እጅ ነው።

ነባር ኦፕሬተሮች አንድ አመል አለባቸው። የመጨረሻዋን ሜትር ጡጫ ሳይጠብቁ በገዛ ዓይናቸው ይጨርሷታል። ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን እስከ መጨረሻው እጅ የሚጠብቀው ጀማሪ ነው የሚል ኩራት አለ። አሞራውማ ጭነት ሲያሳርፍ እንቁላል የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው ተብሎ ተወርቶለታል። ያ ታዲያ ሁለት ዓይን በነበረው ጊዜ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ እስር ፌሮ ሲያወርድ፣ ብረቱ ለእሱ ከመሬት በሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ ታየው። ገና ነው ብሎ በፍጥነት ለቀቀው። ብረቱ ግን ከጉልበት በላይ አልነበረም። መሬቱን ደልቆ ማሰሪያው ተበጠሰና ተበተነ፤ ፌሮውን ሊቀበል የቆመው ፌራዮ ዘሎ ባያመልጥ ኖሮ እግሩ አይተርፍም ነበር። የጫማው አፍንጫ ብቻ ሄደ። ትራፊክ በዚያችው ቅጽበት ጡጫውን አንስቶ ነበር። ፎርማኑ መጥቶ "ማነው የዘገየው?" ሲል ትራፊክ ራሱን አከከና "እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለ። አሞራው ላይ ሆኖ በሬዲዮ ሰማው። የመናገሪያዋን ቁልፍ ተጫናት። ቃል ሳያወጣ ለቀቃት። ለትራፊክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ስንብት ነው ይላል።

ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ ትራፊክ ተከተለው።

"ጋሼ፣ ነገ ፊልም ልጋብዝዎት።"

"የምን ፊልም?"

"ሮቦት ነዋ። አሥር ፎቅ የሚያክል ሮቦት ከአውሬ ጋር የሚደባደብበት።"

"ሳምንቱን ሙሉ ከብረት ጋር ስታገል ከርሜ እሑድ ደግሞ ብረት ሲታገል ልይ?"

"የዚያኛው ብረት ቢወድቅ ደብዳቤ የሚጻፍበት የለም" አለ ትራፊክ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "ልጅዎትንም ይዘዋት ይምጡ። ሦስት ትኬት ቆርጫለሁ።"

እምቢ ለማለት አፍ ከየት ይምጣ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተገናኙ። ልጅቷ የመጨረሻ ልጁ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በእሷ ምክንያት ነው የዓይን ጠብታ እንኳ መግዛት የፈራው። በሩ ላይ ለእያንዳንዳቸው ጥቁር የፕላስቲክ መነጽር ታደላቸው።

"ይኼ ደግሞ ለምንድነው?"

"አባዬ፣ በዚህ በሁለት ዓይንህ ስታየው ነገሩ ከስክሪኑ ይወጣል።"

"ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ አንተ" አለችውና ክንዱን ይዛ አስገባችው። እሷ በቀኙ፣ ትራፊክ በግራው ተቀመጡ። ፈንዲሻው ትራፊክ ጭን ላይ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ከአንድ ሐይቅ ሥር አውሬ ይወጣል፤ ጀርባው ገደል፣ ጅራቱ ድልድይ የሚያፈርስ። የመርከብ ሠራተኞች ከአሮጌ መርከብ ብረት ሮቦት ሠርተው ይጠብቁታል፤ ነጂው የሮቦቱ ደረት ውስጥ ባለች ጠባብ ካቢን በማንሻዎች መካከል ተቀምጧል። አሞራው ካቢኗን ሲያይ ሳያውቀው ወደ ፊት ተሳበ። ወንበሯ፣ ማንሻዎቿ፣ ከእግር ሥር ያለችው መስታወት ሳትቀር የሱን ትመስላለች። ሮቦቱ አንድ አውቶቡስ ከነተሳፋሪው አንስቶ ጣሪያ ላይ ሲያስቀምጥማ አላስቻለውም።

"ይኼ ሰውዬ ያብዳል እንዴ? ክንዱን እንዲያ ሲዘረጋ ከኋላው ማመዛዘኛ ክብደት የለውም። መደፋቱ ነው።"

"አባዬ፣ ቀስ በል።"

ከፊት የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ዞር አለ። "ወንድሜ፣ ሮቦቱን የሠራኸው አንተ ካልሆንክ ዝም ብለህ ብታይ።"

"አይ፣ እሱ ቢነዳው ኖሮ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር" አለው ትራፊክ። ሰውዬውም ሳቀ።

እውነት ለመናገር አሞራው ደስ ብሎት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፌሮውን ረሳው። ብረት ወደቀ፣ ተሰበረ፣ ተነሳ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም።

ይኼኔ ነው አውሬው እጁን የሰነዘረው። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ልጅቷ ትከሻው ሥር ተወሸቀች። ወፍራሙ ሰውዬ አንገቱን ቀበረ። ትራፊክ ወደ ጎን ሲወረወር ፈንዲሻው እንደ ጠጠር ተበተነ። ሦስት መቶ ሰው ጎንበስ ሲል አሞራው ብቻ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቀረ። እሱ ያየው ግድግዳ ላይ የተሳለ የሚመስል እጅ ነው። ከየት ወጥቶ ወዴት እንደመጣ አላወቀም።

"አባዬ ደፋር ነው" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚያዩትና እሱ የማያየው ነገር እንዳለ ገባው። መነጽሩን አውልቆ አየ፤ ስዕሉ ድርብርብ ሆነበት። መልሶ አጠለቀው፤ ያው ግድግዳ። በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሲያጎነብስ አብሬ አጎነብሳለሁ ብሎ ቆርጦ ፊልሙን ትቶ የፊተኛውን ሰውዬ አንገት መጠበቅ ጀመረ። ጅራቱ ሲመጣ የሰውዬው አንገት ተቀበረ፤ እሱም ተከትሎ አጎነበሰ። ግን እሱ ሲያጎነብስ ሌላው ሰው ቀና ብሎ ነበር።

ልጅቷ አላስተዋለችም። ትራፊክ ግን እንጀራው ይኸው ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ዘገየ። ፈንዲሻውን መሬት አስቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ በአባቷ ፊት አሻግራ እያየች "ጋሼ ትራፊክ፣ ምን እያደረክ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

አሞራው ወደ ግራ ዞረ። የትራፊክ ጡጫ ከአሞራው ጉንጭ አንድ ስንዝር ርቆ በአየር ላይ ቆሟል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ እግዜር ይወቀው።

"እጄን ደንዝዞኝ ነው፣ እያፍታታሁት" አላት ትራፊክ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። አሞራው "መጣሁ" ብሏት ተከተለው።

ኮሪደሩ ላይ ትራፊክ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀው። "ዓይንህ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?" አለው። አሥራ አንድ ዓመት "እርስዎ" ሲል የኖረ ሰው ዛሬ "አንተ" አለ።

"አምስት ወር።"

"ፌሮው የወደቀ ቀን ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ጡጫዬን ሳነሳና ሳወርድ ነው የከረምኩት። ሚስቴ ለሰልፍ ተመረጥክ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። እጄ የፈዘዘ መስሎኝ ሐኪም ጋ ሄጄ በመርፌ ጠቀጠቁኝ። አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዓይንህን በጨው አጥበህ 'እንዴት አደርክ' ትለኛለህ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ቆይ፣ ይቅርታው ይደርሳል። ነገ ክሬኑ ላይ ትወጣለህ?"

የአሞራው ጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ላይ ሲሆን አሞራው ነው፤ መሬት ላይ ግን ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ።

"እኔ ለማንም አልናገርም" አለ ትራፊክ። "ግን ነገ ከወጣህ ከሥር ሆኜ እጄን አላነሳልህም። ያ ፌራዮ ጭነት ሲወርድ ባየ ቁጥር ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ አይተሃል? አላየህም። ከላይ አይታይም።"

ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። አሞራው ስልኩን አወጣ። የፎርማኑን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳተው።

"እሑድ ነው እኮ፣ ምን ሆንክ?" አለ ፎርማኑ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

"የፌሮው ቀን የዘገየው ትራፊክ አይደለም። እኔ ነኝ የቀደምኩት። ግራ ዓይኔ አያይም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአምስት ወር።"

"አምስት ወር ሙሉ ያን ሁሉ ሰው ሥርህ አሰልፈህ?"

"አዎ።"

"ነገ መሰላሉን እንዳትነካ። ጠዋት ቢሮ ና። ምን እንደሚወሰን እኔም አላውቅም፤ ተስፋ አልሰጥህም።"

"እሺ። የትራፊክ ደብዳቤስ?"

"የተጻፈ ደብዳቤ አይቀደድም።"

"እንግዲያው ሌላ ይጻፍና ስሙ ይቀየር። የኔ ይግባበት።"

ፎርማኑ ዘጋው። አሞራው ስልኩን ኪሱ ለመክተት ቀዳዳውን ሲፈልግ ቆየ። ብናገር ይቀለኛል ያለው ነገር አልቀለለውም።

"አሁንም ተናድጃለሁ" አለ ትራፊክ።

"መብትህ ነው።"

"ግን እንግባ። ከተማዋ ልትጠፋ ነው።"

ገብተው በየቦታቸው ተቀመጡ። እንደገና አንድ ነገር ከስክሪኑ ሳይወጣ አልቀረም፣ አዳራሹ አጎነበሰ። አሞራው ለማጎንበስ አልሞከረም።

"አባዬ፣ አንተ ጭራሽ አትፈራም?" አለችው ልጅቷ።

"ፈርቻለሁ" አላት።

ድምፁ ውስጥ የሰማችው ነገር መነጽሯን አስወለቃት። "ምን ሆነሃል?"

"ሲያልቅ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ለአንቺ፣ ከዚያ አብረሽኝ ሆነሽ ለእናትሽ።"

"አሁን ንገረኝ።"

ወፍራሙ ሰውዬ ዞር ብሎ አያቸውና የልጅቷን ፊት ሲያይ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። አሞራው ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ ነገራት። እሷም እጁን ይዛ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችው፤ ያመዋል ወይ፣ ብርሃን ይለያል ወይ፣ ለምን ደበቀ። ስክሪኑ ላይ ሮቦቱ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር።

ተነስቶ ማሸነፉን አሞራው የሰማው በማግስቱ ጠዋት ከትራፊክ ነው፤ ፎርማኑ ቢሮ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው እስኪጠሯቸው ሲጠብቁ።