ጄኔራል አይላክም

እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ዓለምነህ የሚባል ገብስ አራሽ አለ። በጉብዝናው ውትድርና ሊገባ ሄዶ «ቁመት አነሰህ» ተብሎ ተመለሰ። ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበዋል። ወንድ ልጅ ሲወለድለት ታዲያ የቀረበትን ማዕረግ በስም ሊያመጣው ቆረጠ።

ሚስቱ አልጣሽ «ሻምበል እንበለው» አለችው።

«ሻምበል ምንድን ነው? መቶ ሰው ቢያዝዝ ነው! ደግሞ በዚህ አጥቢያ ሻምበል ብለሽ ብትጣሪ ስድስት ልጅ ‹አቤት› ይልሻል። የኔ ልጅ ጄኔራል ነው፤ ከዚያ በላይ የለማ!»

እውነቱን ነው፣ ሻምበል በዝቷል። ሻለቃም ሁለት አለ። ሁሉም ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉ ናቸው።

ስሙ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በአገሩ ትልቅ ሰው ያገኘውን ልጅ ሁሉ ይልካል፤ የማን ልጅ ነህ አይባልም። ዓለምነህ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ጄኔራል አይላክም!» ብሎ አስጠነቀቀ። ታዲያ ጥጃ መላሹ፣ እሳት ጫሪው፣ ውኃ አቅራቢው ማን ሆነ? ራሱ ነዋ! ጄኔራል ሰባት ዓመት ሞላው፤ ጠግቦ መደብ ላይ ይጋደማል፣ አባት ይሮጣል። አይ ዓለምነህ!

ዘንድሮ የእድሩ ዳኛ አረፉ። ዓለምነህ ዳኝነቱን ክፉኛ ተመኘው፤ ሰው ተነሥቶ እጅ ሲነሣው እየታየው እንቅልፍ አጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትለው ደጁን ሲረግጡ ጋቢውን እያስተካከለ ተቀበላቸው። «በቃ፣ ተሾምኩ» አለ በልቡ።

መሪጌታ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወደ ልጁ ዞሩ። «እስቲ ልጄ፣ ውኃ አምጣልኝ።»

ጄኔራል ንቅንቅ አላለም። «አባቴን ይላኩት» አለ።

ዓለምነህ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እግሩ ግን ለምዷል፤ ቁጣው ሳይወጣ እንስራው ጋ ደርሷል።

መሪጌታ ውኃውን ጨልጠው ሽማግሌዎቹን አየት አደረጉ። «ለዳኝነቱ ነበር የመጣነው፣ አልዋሽህም። እሱን ለጎረቤትህ ለጥላዬ እንሰጠዋለን። ጥሩምባ ነፊም ግን ቸግሮናል። ለቅሶ ሲደርስ ሳያጉረመርም በየቤቱ የሚሮጥ ሰው እንፈልጋለን፤ እንዳንተ ያለ ከየት ይገኛል?»

ዓለምነህ ፊቱ ቀላ፤ አንገቱን ደፋ።

«እሺ በላቸው እንጂ፣ አባባ!» አለ ጄኔራል ከመደቡ ላይ።

«እሺ» አለ ዓለምነህ።