የእህቴ አምባሮች

ያን ቀን ከበረሃው የተነሳው ነፋስ የደቡብ ግብፅ ከተማችንን የሶሃግን ሰማይ ቢጫ አድርጎት ነበር። መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ነው ወርቅ የማስጠለቂያውን ድግስ የጀመርነው።

ሙሽራዋ ታላቅ እህቴ ሸውቂያ ናት። ከመታጨቷ በፊት ገበያ ውስጥ አርቴፊሻል ጌጥ ትሸጥ ስለነበር ማህተም ማንበብ ታውቃለች። የሃያ አንድ ካራት ወርቅ ውስጡ 875 የሚል ቁጥር ይመታበታል። ከቁጥሩ ጎን ሁለት የፈረንጅ ፊደል ካለ ግን ቅብ ነው።

የሙሽራው የረድዋን እናት ኡም ረድዋን ጓዳ ገብታ አምባሮቹን አጠለቀችላት። እኔ መስታወት ይዤ ቆሜያለሁ። ሸውቂያ የመጨረሻውን ገልበጥ አድርጋ ሁለቱን ፊደል አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«አየሽው?» አለች ኡም ረድዋን በሹክሹክታ።

«አየሁት። ምን ማለት ነው ይሄ?»

«እውነተኛውን ለረድዋን አባት ቀዶ ሕክምና ሸጥኩት። ልጁ አያውቅም። ልጄ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ዝም በይልኝ።»

ወንድሞቻችን ውጭ ከሙሽራው ወገኖች ጋር ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃው ግድግዳ ተደግፏል። ባለፈው ዓመት በእኛው ሰፈር በቅብ ወርቅ ሰበብ ሁለት ጎረምሶች ቀብረናል።

«ሙሽራዋን አውጧት እንጂ! ወርቁ ከበዳት እንዴ?» ብላ ጮኸች ሰኪና፣ የአጎታችን ሚስት። በእኛ ዘንድ ወርቁ በሴቶች እጅ ይዞራል፤ ማህተሙን በማጉያ መነጽር አይታ የምትመሰክረው ደግሞ እሷ ናት።

ሸውቂያ ወጥታ ተቀመጠች።

«አውልቂ እስቲ።»

«አክስቴ፣ እጄ አብጦ አይወጣም።»

«ባል ገና ሳይነካሽ አበጥሽ?» ሴቶቹ ሳቁ። «ሳሙና አምጡ!»

ሳሙናው መጣ። ሰኪና የእህቴን እጅ ለቅልቃ አንዱን አምባር እስከ አውራ ጣቷ ሥር ገፋችው፤ መነጽሩን አስጠግታ ጎንበስ አለች። መነጽሩን ጠርጋ ደግማ አየች። ኡም ረድዋን የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር። እኔ ውጭ የሚስለውን ሰው ሁሉ ጠመንጃ የሚያነሳ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

ሰኪና ቀና ስትል ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ። የእሷም ሁለት ልጆች ከወንዶቹ መሃል ናቸው። አምባሩን ወደ ክንዷ መልሳ ገፋችው።

«ሃያ አንድ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ምን ትጠብቃላችሁ? እልል በሉ!»

እልል አልን። እህቴ ግን እጇን ከነሳሙናው ቀሚሷ ሥር ሸሸገችው።

ኡም ረድዋንም ሰኪናም አሁን በሕይወት የሉም። እነሱና እህቴ እርስ በርስ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወሩም፤ እኔም አላወራሁም። እህቴ ቅቡ በለቀቀ ቁጥር ገጠር ሄጄ እናቴን ልጠይቅ እያለች ሌላ ከተማ ሄዳ አምባሮቹን እንደገና ወርቅ ታስነክራቸዋለች።

ሸውቂያ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። እዚያው ሶሃግ፣ ከረድዋን ጋር ትኖራለች። እሱ ባለፈው ሳምንት «አምባሮችሽን ሸጠን ጣሪያውን ብናድሰውስ?» ብሏታል።